የተራራውና የባሕሩ በር፦ የከሚሴ ምድር በሩቅ ኃይሎች ፖለቲካ ውስጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከሚሴ በሚገኝ አንድ መድረሳ ስለ ኢፋት ሡልጣኔት ታሪክ ስናስተምር፣ አንድ ወጣት ደረሳ «ኡስታዝ፣ ጦርነት ለምን ሁልጊዜ በእኛ ደጅ ያልፋል?» ሲል ጠየቀን። በዕለቱ የሰጠነው መልስ አጭር ነበር፤ እኛንም ራሳችንን አላረካንም። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ቢመስልም የታሪክ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ሲከራከሩበት የኖሩትን ጉዳይ በውስጡ ይዟል። ይኸውም የአንድ ምድር አቀማመጥ በነዋሪዎቹ ኑሮና በመንግሥታት ጠብ ላይ ያለው ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በትምህርት ቤትም ሆነ በመስጊድ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ያለፈው ሁሉ የእስልምናና የክርስትና ጦርነት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ ሁሉ የብሔረሰቦች ጠብ ነው የሚል ነው። ሁለቱም ከእውነት የያዙት ድርሻ አለ። ሆኖም አንድ ሃይማኖት ያላቸው፣ አንዳንዴም አንድ አባት የወለዳቸው ሰዎች በዚሁ ሸለቆ ለምን እንደ ተዋጉ አያስረዱም። እኛ እዚህ የምናቀርበው ሦስተኛ መልስ ነው፦ የከሚሴና የአካባቢዋ ምድር ከደጋው ወደ ባሕር ከሚወርዱት ጥቂት መተላለፊያዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ ባሕሩን የፈለገ ኃይል ሁሉ ይህን በር ፈልጓል። ሃይማኖትና ብሔር ወደ ጠቡ የገቡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ፍላጎት ላይ ተደርበው ነው። ይህን ሳያውቁ የሚያድጉ ልጆች የጎረቤታቸውን ልጅ የሰባት መቶ ዓመት ጠላት አድርገው ይቆጥራሉና፣ ጉዳዩ ከመጻሕፍት ክርክር ያልፋል።

እንዲህ ያለው አጠያየቅ ለእስልምና ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ኢብን ኸልዱን በ1377 የጻፈው «ሙቀዲማ» ስለ መንግሥታት መነሣትና መውደቅ ከመናገሩ በፊት፣ የምድር ክፍሎችና የአየር ጠባይ በሰው ልጅ ኑሮ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ያብራራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለላቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምድሩ አቀማመጥ

የኢትዮጵያ ደጋ በምሥራቅ በኩል ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ ረጅም ገደል ያበቃል። ከገደሉ ግርጌ የአፋር ቆላ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከቆየ በኋላ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በሰንበቴ አልፎ ከሚሴ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ሐርቡንና ኮምቦልቻን ይዞ እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ሌላው መንገድ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ይወርዳል።

ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚባለው አስተዳደር፣ ማለትም ጅሌ ጥሙጋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ደዋ ጨፋ፣ ደዌ ሐረዋ፣ ባቲና ከሚሴ ከተማ፣ በእነዚህ ሁለት መንገዶች ላይ የተዘረጋ ነው። አንዱ መንገድ ሸዋን ከወሎና ከትግራይ ያገናኛል። ሌላው ደጋውን ከባሕር ያገናኛል። ሁለቱን መንገዶች በአንድነት መያዝ የፈለገ ሠራዊት ይህን ሸለቆ ሳይነካ ማለፍ ይቸግረዋል።

የውኃውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አቅራቢያ ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር አቋርጦ በጂቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ውኃው ያልደረሰበት ባሕር ሰዎች ግን በግመልና በበቅሎ፣ በኋላም በመኪና ደርሰዋል። የጨፋ ሜዳ በበጋ ወራት ለኦሮሞ፣ ለአርጎባና ለአፋር ከብቶች የጋራ ግጦሽ ነው። ዝናብ በሚጠፋበት ዓመት ግን ይኸው ሣር የጠብ መነሻ ይሆናል። አንድ ሜዳ በአንድ ዓመት የስምምነት፣ በሌላው ዓመት የጠብ ምክንያት መሆኑ፣ ምድር ብቻዋን የሰውን ሥራ እንደማትወስን ከወዲሁ ያመለክታል።

ኢፋትና የዘይላ መንገድ

ኢፋት የተነሣው በዚሁ ገደል ወገብ ላይ ነው። ዑመር ወላስማዕ በ1285 የሸዋን የመኽዙሚ ሡልጣኔት ካጠፋ በኋላ፣ የወላስማዕ ቤት ከደጋው ግርጌ እስከ ዘይላ የሚወርደውን የንግድ መንገድ ተቆጣጠረ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ዑመሪ ስለ ሰባቱ የሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ፣ ኢፋትን ከሌሎቹ ወደ ባሕሩ ይበልጥ የቀረበች አድርጎ ይገልጻታል። በቅርብ ዓመታት በአስበሪ፣ በመሳልና በኖራ የተጠኑት የፈረሱ ከተሞች፣ መስጊዶቻቸውና መቃብሮቻቸው የሚገኙት ከደጋው ወደ ቆላው በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ይህ ቦታ ለነጋዴ ምቹ ነው፤ የቆላው ሙቀት አያሰቃየውም፣ ከደጋው ገበያም አይርቅም።

ዐምደ ጽዮን (1314–1344) ከኢፋት ጋር የተዋጋበትን ምክንያት ስንመረምር፣ ከሃይማኖት ልዩነት ጋር የመንገዱን ጥያቄ እናገኛለን። በካይሮ በሡልጣን አን-ናሲር ሙሐመድ ዘመን በ1321 አብያተ ክርስቲያናት በፈረሱ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ወደ ግብፅ መልእክተኞችን ልኳል፤ የዓባይን ውኃ አቅጣጫ እቀይራለሁ ብሎ እንደ ዛተም የግብፅ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ከካይሮ ይመለስ የነበረን አንድ የንጉሡን መልእክተኛ የኢፋቱ ሐቀዲን መያዙ ደግሞ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ለተነሣው ጦርነት ምክንያት ሆነ። ካይሮ፣ ዓባይ፣ ቀይ ባሕርና የኢፋት ተዳፋት በአንድ ጉዳይ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም ስለዚህ ዘመን በጻፉት ጥናት ለንግዱ መንገድ ቁጥጥር ትልቅ ቦታ ሰጥተዋል።

ዐምደ ጽዮን በ1332 ሰብረዲንን ካሸነፈ በኋላ በቦታው የሾመው ክርስቲያን ገዢ አልነበረም፤ የሰብረዲንን ወንድም ጀማሉዲንን ነበር። ንጉሡ ሙስሊሙን ነጋዴና መንገዱን የሚያውቀውን ገዢ ይፈልግ ነበርና። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ሁለተኛው ሐቀዲን ሲያምፅ በመጀመሪያ የተዋጋው ከገዛ አጎቱ ጋር ነው፤ አጎቱም የክርስቲያኑ ንጉሥ ሠራዊት ድጋፍ ነበረው። ስለዚህ በአንዱ ወገን ሙስሊሞች ብቻ፣ በሌላው ወገን ክርስቲያኖች ብቻ ተሰልፈው ነበር ብለን ብናስተምር ከታሪኩ ጋር እንጣላለን።

የሐቀዲን ወንድም ሰዕደዲን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ ዘይላ ተሳዶ በአጠገቧ በምትገኝ ደሴት ላይ ተገደለ፤ ደሴቲቱም እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ከተራራው ወገብ የተነሣው ጦርነት በባሕር ላይ ደሴት ማብቃቱ ጠቡ የነበረው በመላው መንገድ ላይ መሆኑን ያሳያል። ልጆቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ የየመኑ ንጉሥ አስጠግቷቸው በእርሱ እርዳታ ተመልሰው ገቡ። የአዳል ኃይል የተጠናከረው ከዚህ በኋላ ነው።

የዑስማኒያና የፖርቱጋል ዘመን

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመንገዱ ዋጋ ከቀድሞው ላቀ። ፖርቱጋሎች በሕንድ ውቅያኖስ፣ ዑስማኒያዎች ደግሞ በቀይ ባሕር ብርቱ ኃይል ሆነው ወጡ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 በሽምብራ ኩሬ ድል ካደረጉ በኋላ፣ በ1531 ወደ ሰሜን ሲዘምቱ ወሳኝ ውጊያ ያደረጉት በአንጡኪያ ነው። ቦታው ከሐይቅ በስተ ደቡብ በደጋው ጠርዝ የሚገኝ ሲሆን፣ ስሙ ዛሬም በአንጾኪያ ወረዳ ይኖራል። ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን ዘመቻ ዘግበዋል። የደጋውን ጠርዝ የያዘ ወገን ወደ አምሐራ ምድር መውጣትም ወደ ቆላው መመለስም ይችል ስለ ነበር፣ ውጊያው በዚያ መሆኑ አያስደንቅም።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ የሁለት ዓለማት ጠብ ሆነ። በ1541 በምጽዋ የወረዱት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ለንጉሡ፣ ከየመን የተላኩት የዑስማኒያ ጠመንጃ ያዦች ደግሞ ለኢማሙ ተሰለፉ። በ1543 በወይና ደጋ ጦርነቱ ሲያበቃ ሁለቱም ወገኖች ደክመው ነበር። ሊዝበንና ኢስታንቡል ግን ጦርነቱ በምድራቸው አልተካሄደም፤ ሰብሉ የተቃጠለበት ገበሬ የደጋውና የሸለቆው ሰው ነበር።

በዚያው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ሸለቆውና ወደ ወሎ ገባ። አርጡማና ጅሌ የመሰሉ ስሞች እስከ ዛሬ የወረዳ መጠሪያ ሆነው ይኖራሉ። የገባው ሕዝብ በኋላ እስልምናን ተቀበለ፤ የአርጎባ ነባር መንደሮችም በአጠገቡ ቀጠሉ። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ2001 በታተመው የወሎ እስልምና ጥናታቸው እንዳስረዱት፣ በዚህ መስፋፋት ዋናውን ሥራ የሠሩት ከሕዝቡ የወጡ ዑለማዎች ናቸው።

ከስዊዝ ቦይ እስከ ጣርማ በር

የስዊዝ ቦይ በኅዳር 1869 ሲከፈት ቀይ ባሕር የአውሮፓና የእስያ ዋና መንገድ ሆነ። በዚያው ወር አንድ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ገዛ፤ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ያዘው። እንግሊዝ ከ1839 ጀምሮ በዔደን ነበረች፤ ፈረንሣይ በኦቦክ፣ ቀጥሎም በጂቡቲ ተተከለች። ግብፅ ምጽዋንና ዘይላን ይዛ ወደ ደጋው ለመውጣት ሞከረች። በ1875 እና በ1876 በጉንደትና በጉራ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ግብፆችን አሸነፈ። ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሲጓዝ የነበረው የግብፅ ተላላኪ ሙንዚንገር ደግሞ በኅዳር 1875 በአውሳ በአፋሮች ተገደለ።

ወሎ የዚህን ፍዳ የከፈለው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ፤ ብዙ መከራም ደረሰባቸው። ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች ተቃወሙ። ይህን በደል ወደ መንገድና ወደ ወደብ ጉዳይ ብቻ ማውረድ ትክክል አይሆንም፤ የእምነት ጥያቄ በእርግጥ ነበረበት፤ የተበደሉትም በእምነታቸው ምክንያት ነው የተበደሉት። ነገር ግን ትእዛዙ ለምን በዚያ ጊዜ፣ ለምንስ በወሎ ላይ እንዲህ በረታ ብለን ስንጠይቅ፣ ወሎ በዮሐንስና በምኒልክ ግዛቶች መካከል መገኘቱንና ከግብፅ ጋር የተደረገው ጦርነት በሙስሊሙ ላይ ያሳደረውን ጥርጣሬ ሳናነሣ መልስ አናገኝም። ከባሕር የመጣ ጠላት የሃይማኖት ስም ሲይዝ፣ በሀገር ውስጥ ያለው የእምነት ወንድሙ ተጠርጣሪ ይሆናል።

በሸዋ በኩል የነበረው አያያዝ ለንጽጽር ይረዳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የኢፋትን ቆላና የባሕሩን መንገድ ይጠብቅ የነበረው ወላስማ ሙሐመድ የተባለ ሙስሊም ገዢ ነበር፤ የጥንቱን የወላስማዕ ቤት ስም እንደ ማዕረግ ይዞ። በዐሊዩ አምባ ገበያ የደጋውና የቆላው ነጋዴ ይገናኝ ነበር። የዐምደ ጽዮን ስሌት ከ500 ዓመት በኋላ ተደገመ፦ በሩን የሚያውቅ ሰው በሩን ይጠብቅ። አንዱ ቦታና አንዱ የመንገድ ፍላጎት በአንድ ንጉሥ ዘመን መግባባትን፣ በሌላው ዘመን ግፍን አስከትለዋል።

በ1889 በወሎ በውጫሌ የተፈረመው ውል፣ በ1896 ወደ አድዋ ያደረሰው፣ የዚሁ የባሕር በር ፖለቲካ ውጤት ነው። በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሙስሊሞች ጋር የነበራቸው ቅርበት የመሻር ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ፣ የባሕሩን ዳርቻ የያዙት የእንግሊዝ፣ የፈረንሣይና የጣሊያን መንግሥታት ከዑስማኒያ ጋር በዓለም ጦርነት ላይ ነበሩ። በሰገሌ የወደቁት የወሎና የሸዋ ሰዎች ይህን የሩቅ ጦርነት አላወጁትም።

የፋሺስት ጦር በሚያዝያ 1936 ደሴን ከያዘ በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ ዋናው ሰልፍ በዚህ ሸለቆ ወርዶ ወደ ጣርማ በር ወጣ። በወረራው ዓመታት በጣርማ በር ተራራው ተበስቶ ዋሻው ተሠራ፤ ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድም ለመኪና ተዘረጋ። ጣሊያን በ1941 ወጣች፤ መንገዶቹ ግን ቀሩ፤ የሸለቆውም ዋጋ በአስፋልት ጸና።

የእኛ ዘመን

ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ አሰብ ዋና ወደብ ሆነ፤ በባቲ የሚያልፈው መንገድም የሀገሪቱን ዕቃ ያመላልስ ጀመር። በ1993 ኤርትራ ነጻ ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች፤ በ1998 ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሀገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ በጂቡቲ ላይ ተመሠረተ። የባቲ መንገድ በሚሌ ከጂቡቲው መንገድ ጋር ስለሚገናኝ የጦርነት ዋጋውን አላጣም።

ይህ በ2014 ዓ.ም. ታየ። በጥቅምት መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ውጊያው ወደ ደቡብ እስከ ከሚሴና ከዚያም አልፎ፣ ወደ ምሥራቅም ወደ ባቲና ወደ አፋር ዘለቀ። በሁለት አቅጣጫ የተካሄደው ግፊት ሁለቱን የጥንት መንገዶች የተከተለ ነበር፦ አንዱ ወደ ዋና ከተማው፣ ሌላው ወደ ጂቡቲው መንገድ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የውጭ ኤምባሲዎች ሠራተኞቻቸውን ማስወጣት ጀመሩ። የከሚሴ ስም በዓለም የዜና ማሰራጫዎች የተሰማው በእነዚያ ሳምንታት ነው። በኅዳር መጨረሻ ኮምቦልቻና ደሴ ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ተመለሱ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የሸለቆው ሕዝብ ግን ከዚያ በፊትም፣ በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሡት ግጭቶች፣ ሙታኑን ቀብሮ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማራውም ኦሮሞውም አርጎባውም ተጎድቷል።

ስለ ባሕር በር ያለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። በ2024 መጀመሪያ ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሶማሊያ ጋር ብርቱ ውዝግብ አስነሥቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአንካራ ሽምግልና ወደ ንግግር ተመልሷል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከየመን በኩል በመርከቦች ላይ የተሰነዘሩ ጥቃቶች የባብ አል-መንደብን መተላለፊያ አውከዋል። ሰዕደዲን የሞተባትን ዘይላንና ልጆቹ የተሻገሩበትን ባሕር የሚያውቅ አንባቢ የዛሬውን ዜና ሲሰማ ካርታው እንግዳ አይሆንበትም።

ምድር ፍርድ አይደለችም

የምድር አቀማመጥ ሁሉን ይወስናል የሚለውን አሳብ አንቀበልም። አላህ ምድርን ለሰው ልጅ መኖሪያ አደረጋት፤ በእርሷ ላይ ለሚሠራው ሥራ ግን ሰው ራሱ ይጠየቃል። ሱረቱ ቁረይሽ የሁለት ወቅት የንግድ ጉዞን በረሃብ ላይ ከተሰጠ ምግብና በፍርሃት ላይ ከተሰጠ ደኅንነት ጋር አያይዞ ማውሳቱን መምህራን ያውቁታል። መንገድ ጸጋ የሚሆነው ደኅንነት ሲኖርበት ነው።

ይህ ሸለቆ ሠራዊት ብቻ አላሳለፈም። ዕውቀትም በዚሁ መንገድ ወጥቷል። በደዋ ጨፋ ከፍታ ላይ የተሠራችው የአርጎባ መንደር ሾንኬ፣ በ1937 ወደ አኺራ የሄዱት የሸይኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር መቀመጫ ነበረች፤ ደረሶች ከሩቅ እየመጡ ቀርተውባታል። የመንደሯ የድንጋይ ቤቶች በተራራ ጫፍ መሠራታቸው ሠራዊት በግርጌው ያልፍ እንደ ነበር ያስታውሰናል፤ ዒልሙ በዚያ ጫፍ መቆየቱ ደግሞ ሰዎች በአስቸጋሪ ቦታ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያሳያል። በባቲ የሰኞ ገበያ የደጋው እህልና የቆላው ከብት እስከ ዛሬ ይገናኛሉ። በወሎ አበጋሮች የሚመሩት ሽምግልና በሃይማኖትና በብሔር የተለያዩ ወገኖችን ደም አድርቋል። እነዚህ ሁሉ ከምድሩ አቀማመጥ የተወለዱ ናቸው፤ ደጋና ቆላ ባይገናኙ ኖሮ ገበያውም ሽምግልናውም ባላስፈለገ ነበር።

ስለዚህ ለመምህራንና ለኢማሞች ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የኢፋትና የኢማም አሕመድ ታሪክ ሲሰጥ ካርታ ይያዝ፤ ደረሳው ዘይላን፣ ምጽዋን፣ አሰብንና ጂቡቲን በጣቱ ያግኛቸው፤ ከወንድሙ ጋር የተዋጋውን ሙስሊምና ሙስሊም የሾመውን ክርስቲያን ንጉሥ አብሮ ይማር። ሁለተኛ፣ የቦሩ ሜዳን የመሰለ በደል ሳይሸሸግ ይነገር፤ ነገር ግን ዛሬ ያለው ጎረቤት ያላደረገውን እንዳይከፍል ከነምክንያቱ ይነገር። ሦስተኛ፣ በኹጥባም ሆነ በክፍል የጨፋን ግጦሽ፣ የባቲን ገበያና የአበጋሮችን ሸንጎ የሚያጸና ቃል ይቅደም፤ ሩቅ ያሉ ኃይሎች በበሩ ሲጣሉ ሸለቆውን ከጥፋት የሚያተርፉት እነዚህ የቅርብ ውሎች ናቸውና።

ያ ደረሳ ዛሬ ቢጠይቀን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ጦርነት በደጃችን የሚያልፈው ጎረቤቶቻችን ስለሚጠሉን አይደለም፤ ደጃችን ሌሎች ወደሚፈልጉት ባሕር የሚወስድ ስለ ሆነ ነው። በሩን ከቦታው ማንሣት አንችልም። በበሩ ግራና ቀኝ የምንኖር ሰዎች እርስ በርስ የምንተያይበት ዓይን ግን በእጃችን ነው፤ የምንጠየቀውም ስለዚህ ነው። ወላሁ አዕለም።